እትዬ ሚዛንና የእህቴ ኪሎ

እስቲ እዩዋቸው። እዚያ ልብስ ስፌት ክፍላችን ጥግ፣ የጨርቅ ጥቅል ከምንመዝንበት ሚዛን አጠገብ ቆመው ነፍሰ ጡሯን እህቴን "ሚዛኑ ላይ ውጪ በይ፣ አትግደርደሪ!" የሚሉት ክብርት እትዬ ሚዛን ናቸው። ሥራቸው ቁልፍ መትከል ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ሁሉ እንደሳቸው ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪም ፊቷ ቢቆም ግን አፉን አታስከፍተውም።

የሚያውቁት ሕክምና ሁለት ቃል ነው፦ "ለሁለት ብዪ!" እህቴ ገና የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ፅንሱ ከባቄላ ፍሬ ሳይበልጥ፣ ክብርትነታቸው የሙሉ ሰው ምሳ ፈረዱለት። የራሷን በልታ ስትጨርስ "የእናትየው አለቀ፤ አሁን ደግሞ የልጁን!" ብለው ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይደቅኑባታል።

"እትዬ፣ ጠገብኩ እኮ።"

"አንቺ ጠገብሽ። እሱንስ ጠየቅሽው?"

የሰኞው ይብሳል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽን ሳይነሳ፣ ነፍሰ ጡሮቹን የጨርቁ ሚዛን ላይ ያወጡና ኪሎውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ከጨመረች ይጨበጨባል። ካልጨመረች ባሏ ይታማል። አንዷማ ለጭብጨባው ስትል ኪሷን በቁልፍ ሞልታ ወጥታለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እህቴን "ክብደት ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ከልክ ሲያልፍ ስኳርና ግፊት ሊያመጣ ይችላል፤ ልጁም ገዝፎ ምጡ ይከብድሻል። ሲያንስ ደግሞ ልጁ ቀጭጮ ይወለዳል" ብላ መክራት ነበር። ክብርትነታቸው ይህን ሲሰሙ "ለመሆኑ እሷ ስንት ወልዳለች?" ብለው ዘጉት። እሳቸው አምስት ወልደዋል። እንደዚያማ ከሆነ እኔም አራት ጥርስ ስለተነቀለልኝ የጥርስ ሐኪም ነኛ!

ስምንተኛ ወሯ ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ እህቴ በሳምንት ውስጥ ሦስት ኪሎ ተኩል ጨምራ ተገኘች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ፊቷ ተነፍቷል፤ ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷ አልወጣ ብሏል።

"እዩልኝ፣ ምን የመሰለ ሥጋ ለበሰች!"

"እትዬ፣ ራሴን ያመኛል። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።"

"ርቦሽ ነዋ!" ብለው የተቀቀለ እንቁላል ላጡላት።

እኔ ካውያዬን አስቀምጬ ሳጨበጭብ ነበር። አልዋሽም፤ ከሁሉም በላይ የጮኸው የኔ እጅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኗ ላይ ድፍት አለች። ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ነርሷ ደም ግፊቷን ለካችና ወዲያው አምቡላንስ ጠራች። "በአንድ ሳምንት እንዲህ የሚዘል ኪሎ ሥጋ አይደለም፤ ውኃ ነው። ግፊቷ ሁለቱንም ሊገድላቸው ይችላል" አለችኝ። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። ልጅቷ ያለጊዜዋ መጣች፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም። እናትና ልጅ ወደየክፍላቸው ተወሰዱ። እኛም ማንኛዋ እንደምትተርፍ ሳናውቅ ሦስት ቀን ቆየን።

በሁለተኛው ቀን፣ ለእትዬ ሚዛን ያዘጋጀሁትን ስድብ በሆዴ ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የሐኪሙን ነጭ ካፖርት ጨምድደው ይዘው አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ ከሕክምና ያስቀረኋት። ራሴን አመመኝ ስትለኝ ብዪ አልኳት። እዚያ ስፌት ክፍላችን ሌሎች ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ። ምን ምን ምልክት ልይባቸው? ቀስ ብለህ ንገረኝ። አምስት ወልጄ ለካ ምንም አላውቅም።"

ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሞልቶ ተርፏል። ሰው እየሰማ "አላውቅም" ያለ ግን ከሳቸው ሌላ አላየሁም። ስድቤን ዋጥኩት።

እህቴም ልጇም ተርፈዋል። ክብርትነታቸው ደግሞ ጭራሽ ብሰዋል። የነፍሰ ጡሮቹን የክትትል ቀን በቃላቸው ይዘው፣ አለቃው ፈቃድ ቢከለክል ጮኸውበት፣ ራሳቸው ጎትተው ይወስዷቸዋል። ነርሷ ገና ከሩቅ ስታያቸው በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኔ ግን፣ ምን ላድርግ፣ ወድጃቸዋለሁ።

እናንተም አጠገባችሁ ያለች ነፍሰ ጡር ፊቷና እጇ ድንገት ካበጠ፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ እባካችሁ አማረባት አትበሉ። ነገም አትበሉ። ዛሬውኑ ተነሡና ጤና ጣቢያ ውሰዷት።