እኅቴ እንጉዳይ ሰማይ እንድትጠብቅ የተቀጠረች ጊዜ

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ ልጁን ከፊቱ እየነዳ ቤቴ ድረስ መጣና ሥራ ፈልግለት አለኝ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ምን ትወዳለህ ብለው መሬት መሬት ያያል። አባቱ ቀበል አድርጎ፣ ኧረ ምንም አይወድ፣ ሲፈዝ ነው የሚውለው አለኝ። እኔ ደግሞ ሲፈዝ የሚውል ልጅ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ ላጫውትህ፤ ጊዜ ካለህ ቁጭ በል።

ዘመኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን የያዘበት ነው። ከተማው የእሱ፣ ገጠሩ የአርበኛው። እኛ የምንኖረው ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ፣ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነበር። እናት አባታችን ቀደም ብለው አልፈዋል። የቀረነው እኔና ታናሽ እኅቴ እንጉዳይ ብቻ ነን። እኔ ጨው እቸረችራለሁ። እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያጫት ልጅ ጫካ ገባና ሰርጉ ቀረ። ጨውም በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ስንጾም ከረምን።

እንጉዳይ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ሰነፍም አይደለችም። ብቻ ሰማይ ታያለች። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ከዓባይ ሸለቆ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተነሣ ወደ ጮቄ ሲያዘግም ካየች፣ በቃ፣ ሥራም እህልም የለም። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ቀረችብኝ። አውሬ በላት ብዬ ጦሬን ይዤ ወጣሁ። ምንጩ ዳር በጀርባዋ ተንጋላ አገኘኋት። እንስራው ባዶውን ከጎኗ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አያ፣ ዛሬ ደመናው ድርብ ነው። የላዩ ወደ ዲማ ይሄዳል፣ የታቹ ወደ ደጀን ይሄዳል» አለችኝ።

ልቆጣ አሰብኩና ቀና አልኩ። እውነቷን ነው። የላዩ እንደ ነጠላ የሳሳ፣ የታቹ እንደ ጋቢ የወፈረ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይነካካ ይተላለፋል። እኔም ጦሬን አጋድሜ ተቀመጥኩ። ውኃውን ስንቀዳ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እንግዲህ ፍረደኝ፤ እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን ይቀጥራል?

ቢሆንም ፈለግኩላት። መጀመሪያ ለአንዲት ባለጸጋ ሴት ፈትል እንድትፈትል አስገባኋት። እንዝርቱን ታሾርና ቀና ትላለች፤ ክሩ ይበጠሳል። ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ጥጤን መልሱልኝ ብለው ላኩብኝ። ቀጥዬ ደብረ ማርቆስ ጠላ ከሚሸጡ ዘመዳችን ዘንድ ወሰድኳት። የጠላውን ገብስ እንድትቆላ ሰጧት። በመስኮት አንድ ቁራጭ ሰማይ ይታያል፤ ገብሱ ከሰለ። ሲያሰናብቷት፣ ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ግን እዚህ የለችም አሉኝ። የት ናት ብላቸው፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። ወደ መንደራችን ተመለስን። እሷ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰማዩን እንኳ አላየችውም።

ያን ጊዜ የጣሊያን አይሮፕላን ሰው ተሰብስቦ ካየ ቦምብ ይጥላል። ከእኛ ማዶ ያለ አንድ ገበያ ተመቶ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ስለዚህ የኛም የቅዳሜ ገበያ ሊፈርስ ሆነ። ገበያ ከፈረሰ ደግሞ ጨው አይሸጥ፣ እህል አይሸመት። ጭቃ ሹሙ፣ የመንደራችን ሹም ማለት ነው፣ ሰው ሰበሰቡና መላ አመጡ። አንድ ሰው ከገበያው በላይ ካለችው ጉብታ ተቀምጦ ሰማይ ይጠብቅ፤ አይሮፕላን ሲያይ ይጩህ፤ ሻጭ ሁሉ ከያዘው አንድ እፍኝ ይስጠው አሉ።

ማን ይጠብቅ? ጎልማሳው ጫካ ነው። የሽማግሌ ዓይን አያይም። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ሰማይ እያየ የሚውል ምን ዓይነት ሰው ነው? ሲሉ ተነሣሁ።

«ጌታው፣ እኔ ቤት አንዲት አለች» አልኩ።

«ለምዳዋለች?» አሉኝ።

«ከተወለደች ጀምሮ።»

ሰው ሳቀ። አንዱ፣ ሴት ልጅ ዘበኛ ትሁን ነው የምትለው ብሎ አፌዘ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም። በኡኡታ ሴትን የሚበልጥ ካለ ይምጣና ይጩህልኝ አሉ። የመጣ የለም። እንጉዳይ ተቀጠረች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ኡኡታዋ ተሰማ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማን ቀና ብሎ ይይ? ጤፉ ከበርበሬው ተደባለቀ። የቅቤ ቅል ተሰበረ። የኔ ጨው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁላችን ከገበያው ሥር ካለው ገደል ገብተን፣ ተደፍተን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የመጣ ነገር የለም። በመጨረሻ ጆፌ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ በላያችን ቀስ ብሎ አለፈ። አይሮፕላኗ እሱ ነበር።

ሰው ሊበላት ደረሰ። ትባረር አሉ። ጭቃ ሹሙን እግራቸው ላይ ወድቄ አንድ ቅዳሜ ለመንኩ። እሺ አሉ፤ ያኛው ግን የመጨረሻዋ ነው አሉኝ።

በሳምንቱ መካከል ጉብታው ላይ አብሬያት ወጣሁ። መቼም ሥራ ላስገባት እንጂ ሥራዋን ላስተምራት አልችልም፤ ጨው ቸርቻሪ ስለ ሰማይ ምን ያውቃል? ቢሆንም ታላቅ ወንድም ዝም ማለት አይሆንለትም። የአይሮፕላኑን ድምፅ እስክትሰሚ አትጩኺ አልኳት።

«ድምፁ ከተሰማማ አሮጊት ከነሸክሟ ገደሉ ጋ አትደርስም» አለችኝ።

ነፋሱ ሣሩን እያስተኛ ያልፋል። አሞሮቹ ከላያችን ይዞራሉ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን እንጃ። አንድ ጊዜ፣ ሕልሟን እንደምትነግረኝ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አያ፣ ያለፈው ጊዜ ጣሊያን የማዶውን ገበያ ሊመታ በላያችን ሲያልፍ፣ አሞሮቹ የት ነበሩ?» አለችኝ።

አይሮፕላን እያለ አሞራ የሚያይ ማን ነው? አላውቅም አልኳት።

«አልነበሩም። ከእሱ ቀድመው ሰማዩን ለቀውት ነበር። ትንንሾቹም ወፎች ዛፍ ውስጥ ገብተው ዝም ብለው ነበር። እንግዲህ የሚመጣውን አልጠብቅም። የሚሄዱትን ነው የምጠብቅ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው ፈራ ተባ እያለ ወጣ። ሰማዩ የታጠበ ይመስላል። ረፋዱ ላይ እንጉዳይ ጮኸች። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ምንም የለም። ድምፅም የለም። አሁንስ አበዛችው አሉ። ሸማች ክርክሩን ቀጠለ። እሷ ትጮኻለች። ጭቃ ሹሙ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወዳጄ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። እኔም እኮ ምንም አላየሁም። ብነሣና ባዶ ቢሆን፣ እሷም እኔም አለቀልን። ብቻ ጆሮዬን ብጥል የወፍ ድምፅ የሚባል ጠፍቷል። ገበያው ብቻ ይንጫጫል። ጨዌን እዚያው ጥዬ፣ አጠገቤ የነበረችውን ሸክላ ሻጭ ክንዷን ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ሸክላዬን አለች። ሸክላሽን ተዪው አልኳት። እሷ ስትሄድ ያየች ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ በዱላቸው እየመቱ፣ ውጣ ከዚህ፣ ውጣ እያሉ ሰውን ነዱት። አሮጊቶቹ ከነሸክማቸው ገደሉ ጋ ደረሱ። ድምፁ የተሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቦምቡ ባዶ ገበያ ላይ ወደቀ። ሸክላው ሁሉ ዱቄት ሆነ። ሰው ግን፣ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። አቧራው ሲረግብ ወደ ጉብታው ሮጥኩ። እንጉዳይ ተቀምጣለች። ዓይኗ እንደ ልማዷ ወደ ላይ ነው።

«አሁን ተመለሱ» አለችኝ። አሞሮቹን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማን ይንካት? ሦስት ገበያ በየተራ ይወስዳት ጀመር። በልተን አደርን። ዱሮ ጥጤን መልሱ ያሉኝ ሴትዮ፣ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ልጄ ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው ብለው ይጠይቋታል። እሷም በትሕትና ትነግራቸዋለች።

ጣሊያን ወጣ። አገሩ እልል አለ። እኛም እልል አልን። ደስታው በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ገባኝ። ነፃነት ሲመጣ ሥራ የፈታች እኅቴ ብቻ ናት። እንግዲህ ይህን ለማን ይነግሩታል? ለቅሶ አይባል፣ ሠርግ አይባል።

ጭቃ ሹሙ ውለታ አይረሱም። ማሽላቸው የሚያሽትበት ወር ነበረና፣ ትምጣ፣ ማማ ላይ ተቀምጣ ወፍ ትጠብቅልኝ፤ ከዚህ የበለጠ ለእሷ የሚሆን ሥራ የለም አሉ። ደስ አለኝ። ወንጭፍና ድንጋይ ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። ከሚስታቸው ጋር ማሳው ዳር ቆመዋል። ማሽላው ራስ የለውም፤ አገዳው ብቻ እንደ መቋሚያ ተደርድሯል። ድንጋዩ አንድም ሳይጎድል ማማው ላይ ተከምሯል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሏት።

«ጌታው፣ ወንጭፉን አነሣሁ። ግን እነሱ ባይነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን ሁላችን የት ነበርን?» አለቻቸው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ጭቃ ሹሙ ማሳውን አዩ። ሰማዩንም አዩ። ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ ደመወዟን ስጪያት አሉ።

«የምን ደመወዝ፣ ጌታው? ማሽላው እኮ አልቋል።»

«ማሽላውማ የወፎቹ ደመወዝ ነው» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ማን ከፈላቸው?»

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ሚስታቸው ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም።