«አርጅቷል» ያለው የጁነይድ ሮቦት

ሥራን ለመሸሽ የሚለፋን ሰው ያህል በዚህ ዓለም የሚለፋ የለም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ስጡት፤ ሥራው በራሱ የሚሠራበትን ዘዴ ለመፍጠር ስድስት ወር ይደክማል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የእኛው የኮምቦልቻው፣ ክቡር ሊቀ አውቶማቲክ ጁነይድ መሕሙድ ይባላሉ።

የክቡርነታቸው መፈክር አንዲት ናት፦ «አብሽር፣ ራሱ ይሠራዋል!» የውሃ ታንከሩ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ነገር ገጠመለት፤ ታንከሩም ሞላ፣ ግቢውም ሞላ፣ የኔም ጫማ ሲንሳፈፍ አገኘሁት። ሰላምታ መመለስ ቢሰለቸው ደግሞ ስልኩ ራሱ እንዲመልስ አደረገ። አክስቱ ከሐርቡ ላማቸው መሞቷን ቢጽፉለት፣ ስልኩ «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፤ እናንተስ?» አላቸው። እስከ ዛሬ ስሙን አይጠሩም።

ሐቁን ለመናገር ግን ይኼ ሰው ለብዙ ሰው ይተርፋል። ሌሎች በነፃ የሚጽፏቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ፈትሾና አሽጎ፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ለየኮምፒውተራችን የሚያደርስ እሱ ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ። እኔ በጽሕፈት ቤቴ አማርኛ የምጽፍበትን ፕሮግራም የሠሩት የደሴው ጋሽ አራጋው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ጁነይድንም ያስተማሩ። ጁነይድ ታዲያ ይኼንንም ሥራ ለሮቦት ሰጠው። ሮቦት ስል እጅና እግር ያለው እንዳይመስላችሁ፣ ያው ፕሮግራም ነው። አዲስ እትም ሲመጣ ቁጥሩን ያያል፤ ከበፊቱ ከበለጠ ያሳልፋል፣ ካነሰ ደብዳቤ ጽፎ ይመልሳል።

ዘንድሮ ኮምፒውተሬን ሳሳድስ «ኸ» ጠፋችብኝ። ብጫናት ባዶ ሳጥን ታወጣለች። ያለ «ኸ» ወሎ ላይ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ይኖራል እንዴ? ኸድጃ የምትባል ደንበኛ ማመልከቻዋን አየችና «ስሜን ማን በላው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ለጁነይድ ብነግረው «አብሽር! ጋሽ አራጋው እንዳስተካከሉት ራሱ ይመጣልሃል» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ አበሸርኩ።

ቢቸግረኝ ለጋሽ አራጋው ደወልኩ።

«ልኬ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው። «አስራ አንድ ጊዜ። ‹ሥራዎ አርጅቷል፣ አንቀበልም› እየተባልኩ ተመለስኩ። እውነትም አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ትቼዋለሁ።»

ጉዱን ስናጣራው፣ እትሞቹን በፈረንጅ አቆጣጠር 2025 ይሏቸው የነበሩት ጋሽ አራጋው፣ መስከረም ሲጠባ «የራሳችን ዘመን እያለን!» ብለው 2018 ብለዋቸዋል። ሮቦቱ መስከረምን የት ያውቃል! የሰባት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ መለሰው።

«ወላሂ አንዱንም አላየሁም» አለ ጁነይድ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያንን ፕሮግራም ከሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፤ ከተውት ተተወ ማለት ነው። እሱ ግን ስለ ፕሮግራሙ ትንፍሽ አላለም። «መምህሬን አሮጌ አልኳቸው፣ ያ ረቢ» ብቻ ይላል።

በማግስቱ እኔን ሽማግሌ አድርጎ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣን። ደሴ ቤታቸው እንደገባን ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ! የጻፈው ሮቦቱ ነው።»

«ሮቦቱን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ።»

እኔ ሽምግልናዬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ጋሽ አራጋው ትከሻውን ይዘው አነሱት።

«ማሽን መሆኑንማ ከሁለተኛው ደብዳቤ አውቄዋለሁ፤ ሰው ሲሳደብ ቃል ይቀያይራል። አስራ አንድ ጊዜ የላክሁት፣ አንድ ቀን አንተ ራስህ ታየዋለህ ብዬ ነው።»

ጁነይድ አለቀሰ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠና የተመለሱትን ሥራዎች መስመር በመስመር ማንበብ ያዘ፤ እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይቆጡታል። ሁለተኛው ላይ «ኸ» ተገኘች። በዚያው ብንነሳ እንችል ነበር፤ የመጣሁበትም ጉዳይ ያው ነው። አሱርን ሰግዶ ተመልሶ ተቀመጠ። ይኼን ሰው እንደምወደው ለራሴ ያመንኩት ያኔ ነው። ሊመሽ ሲል እኔ «ኧረ ሚኒባስ ያመልጠናል!» ስለው፣ ቀና እንኳ ሳይል፦

«አንተ ሂድ» አለኝ። «እኔ ገና አራተኛው ላይ ነኝ።»