አስፈሪ መጽሐፍ ለማን ይመከራል?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አዳዲስ የሥዕል ታሪኮች ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን አንብበህ ካልደነገጥክ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል» አለኝ። አነበብኩ። አንዱ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሰው ይበላል፤ ሌላው ላይ አጽም በር ያንኳኳል። ኧረ እባክህ! እኔ እኮ በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስመክር ነፍሴን ላጣ የነበርኩ ሰው ነኝ። ድንጋጤን እኔን ጠይቁኝ።

ያኔ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረችኝ። ከአሥመራ ባሕር ዳር የሚመላለስ አንድ ሾፌር ሁለት የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ ሰጠኝ። ጽሑፉን ማን ያውቃል? ሥዕል ግን ፊደል ላልቆጠረም ይነበባል። አንዱ ከሰማይ ስለሚወርዱ ባለ አንድ ዓይን ፍጡሮች ነው፤ ሌላው ስለ ሙታን። ምን ልበላችሁ፣ የከተማው መጽሐፍ መካሪ ሆንኩ! የገባውን ሁሉ «ይቺን ሳታይ እንዳትሞት» እላለሁ።

የመጀመሪያውን ለአያ ፈንታ ሰጠሁት። አያ ፈንታ ላሞቹን ከልጆቹ አስበልጦ የሚወድ የፎገራ ገበሬ ነው። ባለ አንድ ዓይኖቹ ጋ ሲደርስ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ገልጦ አለፈው። ቀጥሎ አንዲት ላም በብርሃን ስበው ወደ ሰማይ ሲያወጧት ሲያይ ግን ብድግ አለ። ባለቤቷ የት ሄዶ ነው፣ እረኛ የላትም ወይ፣ አንድ እንኳ ዱላ የያዘ ሰው ይጥፋ ብሎ ሻይ ቤቱን አናጋው። ዓይናቸው አንድ መሆኑ ምኑም አይደለም። ሌቦች ናቸው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከብት ይዞ ሐሙሲት ገበያ ሲሄድ ሰማይ ሰማዩን ያያል አሉ።

ሁለተኛውን ለቄስ ታረቀ መከርኩ። አንድ ሙት ከመቃብር ተነሥቶ፣ ሥጋው ተንጠልጥሎ፣ ገዳዩን ፍለጋ በየበሩ ይዞራል። ይህን ለካህን ማሳየት ነውር ነው፤ ግን ሲያማትቡ ማየት አማረኝ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በእርጋታ እስከ መጨረሻው አዩት። «ምን ያድርግ፣ ፍትሐት አላገኘም» አሉኝ። «ተመልከት፤ ሲቀበር ካህን የለ፣ መስቀል የለ፣ አልቃሽ እንኳ የለው። እንዲሁ ጥለውት ነው።» ይህን ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ክው ያልኩ እኔ!

ምነው ቢሉ፣ ዘመኑ ሰው ተገድሎ ከርብ ወንዝ ማዶ ያለ ፍትሐት የሚጣልበት ነበር። የጎረቤቴን የእትዬ ስንዱን ልጅ ገደሉባት፤ ማልቀስም ክልክል ነው ተባለች። ሽንኩርት እየላጠች ነበር የምታለቅስ። ቀኑን ሙሉ ስትልጥ ትውላለች። ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚበላ ሰው ቤቷ አልነበረም።

ወሬ እግር አለው። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂ መጣ፤ መጽሐፉንም እኔንም ይዞ ቀበሌ ሊሄድ። ያኔ ቀበሌ ገብቶ መውጣት ዕድል ነው። ሚስቴን ልጆቹን አደራ ብያት ሄድኩ። ስደርስ ቄስ ታረቀ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ይህ ከመቃብር የሚነሣው የየትኛው ፀረ አብዮት ድርጅት አባል ነው አለኝ። ኧረ ጌታዬ፣ ፈረንጅ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ወደ ቄሱ ዞረና፣ እሳቸውን የሚያህሉ ሰው «አንተ» ብሎ፣ ሻይ ቤት ያልከውን ድገመው አላቸው። እኔ በልቤ፣ አባታችን ስለ ማርያም ይካዱ፣ እላለሁ። ቄስ ታረቀ ይክዳሉ? ቃል በቃል ደገሙት። ደግሞ ጨመሩበት፦ «ያልተለቀሰለት፣ ያልተፈታ ሰው ነው፤ ወዴት ይረፍ? እኔ በሥዕሉ ያየሁትን ነው የምናገር፣ ልጄ።»

አለቀልን አልኩ። ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ገለጠ። አሁንም ገለጠ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሙቱ የገዳዩን በር ከፍቶ ይቆማል፤ ታሪኩ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ሊቀመንበሩ ያን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ያ አገር ያንቀጠቀጠ ሰውዬ! «ውጡልኝ» አለን። መጽሐፉን አልመለሰም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አብጃለሁ?

በሳምንቱ ያው አብዮት ጠባቂ ለቄስ ታረቀ መልእክት አመጣ። ከርብ ማዶ የተጣሉትን ሙታን ፍታቸው፣ እናቶቹም ያልቅሱ፣ እኔ አላየሁም አልሰማሁም ይላል። ወይ ጉድ! አብረን ሄድን። እትዬ ስንዱ ልጇን በስሙ እየጠራች ስታለቅስ ሰማሁ፤ እኔም አለቀስኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ውሸት ነው። የወጋም አይረሳም።

ከዚያ ስመለስ አብዮት ጠባቂው ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆሟል። ደግሞ ምን መጣ አልኩ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ ሊቀመንበሩ የመጽሐፉን ተከታይ ካለህ ላክልኝ ብለዋል፤ ሙቱ ቤት ገባ ወይስ ተመለሰ፣ ያን ሳያውቁ እንቅልፍ እምቢ አላቸው አለኝ።

ነበረኝ። ሾፌሩ ያን ሰሞን አምጥቶልኝ ባንኮኒው ሥር ደብቄዋለሁ። አይቼዋለሁም፤ ሙቱ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶለት ወደ መቃብሩ ይመለሳል።

«ለጓድ ሊቀመንበር ንገር» አልኩት፣ «ተከታዩ ገና አልታተመም።»

ይጠብቃ!