ትርንጎ ለርቢ ሳትል የሰጠችው ፕሮግራም

ቆዩ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

የዛሬ ልጆች መስጠት ያውቃሉ፤ ሲሰጡ መናገር ግን አያውቁም። የእህቴ ልጅ ትርንጎ ኮምፒውተር ተምራ ወረታ ስትመለስ፣ ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም ሠራች። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ የባጃጅ ነጂዎች ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም ይናገራል። ጎበዝ አይደለች? ይህን ሠርታ ስታበቃ የውስጥ አሠራሩን ለዓለም ሁሉ ዘረገፈችው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል አሉ። ፈቃድ የሚባልም ጽፋበታለች፤ ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ብትፈልጉም ሽጡ፣ ስሜን ብቻ አትፋቁ ይላል። ላንቺስ ምን ይመለስልሻል ብላት፣ ነፃነት እኮ ነው አክስቴ አለችኝ። ነፃነቱን እኔም እወዳለሁ። ግን ላም እንኳ ለርቢ ሲሰጥ፣ ያረባት ሰው ጥጃዋን ለባለቤቷ ያካፍል የለም?

ስልክ ሻጩ ደሳለኝ ወሰደው። ማንበብ ለማይችል ነጂ በድምፅ እንዲናገር አደረገና አሠራሩን ቆለፈው። ነጂዎቹ በሙሉ ወደሱ ጎረፉ። የትርንጎው የሚነግረው አጥቶ፣ ሰማዩ እየተቀደደ እንኳ የቁሐር ሚካኤል መንገድ ደረቅ ነው ይላል። ልጅቱ የደከመችበት ነገር ዓይኗ እያየ ሲሞት እኔ ዝም ልበል?

ከቤቴ ከቁሐር ባጃጅ ይዤ ወረታ ሱቁ ገባሁና አፌ ያመጣውን ሁሉ አወረድኩበት። ያንን ድምፅ ያወጣውን ጥጃህን ለልጅቱ አካፍል አልኩት። እሱ እቴ፣ በርጩማ አቀረበልኝ። እርስዎ ላም ለርቢ ሲሰጡ ውሉን የሚናገሩት በሰጡ ቀን ነው ወይስ ጥጃው ካደገ በኋላ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ስሟንም አሳየኝ፤ አልፋቀውም፣ ጤፍ አክሎ ተጽፏል። አሁንማ ትርንጎ ለአዲሱ ሥራዋ፣ የወሰደ ሁሉ ያሻሻለውን ይመልስ የሚል ፈቃድ አውጥታለች። ያንን የሄደውን ግን ማን ያመጣዋል?

እኔ ስሸነፍ ድምፄ ይጨምራል። ብሞት ያንተን አልነካም፣ መንገድ የምታሳየኝ ትርንጎ ብቻ ናት ብዬ ገበያው እስኪሰማ ተናግሬ ወጣሁ። በር ላይ የሚጠብቀኝ ባጃጅ ነጂ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ ብርቄ፣ ቶሎ ይግቡ፤ የደሳለኙ፣ ውሃው ሳይሞላ ተመለሱ እያለ ነው። ስንመጣም ያመጣን እሱ ነው፤ በትርንጎማ ቢሆን ይኼኔ ከነባጃጁ ዓሣ እያጠመድን ነበር።»