የሊቀ ኆኅት ገደፋው ከርነል

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሩን ቆልፎ የሚሄድና፣ ቆልፎ ከሄደ በኋላ መቆለፉን ሊያረጋግጥ ተመልሶ የሚነቀንቅ። የመጀመሪያው ወገን ዓለምን ሞልቷታል። ሁለተኛው ጥቂት ነው፤ ሆኖም በየሰፈሩም በየመሥሪያ ቤቱም አንድ አይጠፋም። ሁለት ሦስት ቤት አልፎ ሲያበቃ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ "መጣሁ፣ አንዴ" ይልና ይመለሳል።

የዚህ ወገን አለቃ የሚኖሩት ፍኖተ ሰላም ነው። ስማቸው ገደፋው ይባላል፤ የአንድ ዘር አባዥ ገበሬዎች ማኅበር የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። የግቢው ዘበኛ ክንዱ በልጅነቱ ከቆሎ ትምህርት ቤት ጥቂት የቀመሰ ነውና "ሊቀ ኆኅት" የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ የደጆች ሁሉ አለቃ ማለቱ ነው። እሳቸውም ማዕረጉን በክብር ተቀብለዋል። ከመቀበላቸው በፊት ግን "ማነው የሰጠኝ?" ብለው አጣርተዋል።

ረዳታቸው ፍሬ ከቡሬ መጥታ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። ዓይነ አፋር ልጅ ናት፤ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። "ብዕርሽን" ሲሏት ብዕሯን፣ "ወንበርሽን" ሲሏት ወንበሯን ሰጥታ ቆማ ትሠራለች። ጋሽ ገደፋው ይህን በመጀመሪያው ቀን ታዘቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንቺ ልጅ" አሏት፣ "በር ብቻ ነሽ እኮ፤ ግድግዳ የለሽም!"

ስለ እሳቸው የሚወራው ብዙ ነው። ባጃጅ ሲሳፈሩ መሀል ካልሆነ አይቀመጡም፤ "በር በሌለው ቤት ዳር አይቀመጥም" ይላሉ። ባለፈው ጥር የእህታቸው ልጅ ስትዳር የሆነውን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እንደ ወጉ የሙሽራዋ ወገኖች ደጁን ይዘው ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ትንሽ ያንገላታሉ፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ሽቶው ተረጨ። ልጃገረዶቹም እየሳቁ ገለል አሉ። ጋሽ ገደፋው ግን ከደጁ ንቅንቅ አላሉም።

"ሽቶ ማንም ይረጫል" አሉ። "ሙሽራው መሆንህን ከእኛ ወገን የሚያውቅ ሰው ጥራ።"

ሙሽራው ላብ በላብ ሆነ። ሙሽራዋ ከውስጥ ሆና "እሱ ነው አጎቴ! በሞቴ ያስገቡት!" ባትል ኖሮ ያ ሠርግ ደጅ ላይ ይበላ ነበር።

ይህ ጠባያቸው ተጠቃሎ የገባው ግን ማሽን በሚሉት በማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ማሽኑ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ጋሽ ገደፋው ደግሞ የሊኑክስን ልብ፣ ከርነል የሚሉትን፣ እንደ ሌላው ሰው ተዘጋጅቶ የመጣውን አይጭኑም። እያንዳንዱን ነገር ራሳቸው መርጠው ራሳቸው ይገነቡታል።

"ከርነል ምንድን ነው ጋሼ?" ብላ ፍሬ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

"እልፍኝ አስከልካይ ነዋ! ድሮ ጌታ ዘንድ ማንም ዘው ብሎ አይገባም ነበር። እዚህም ሜሞሪ የፈለገ፣ ዲስክ የፈለገ፣ ኔትወርክ የፈለገ ፕሮግራም ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚለምን። ታዲያ እልፍኝ አስከልካዩ ለስላሳ ከሆነ ጌትነቱ ምኑ ላይ ነው?"

የእሳቸው እልፍኝ አስከልካይ ለስላሳ አልነበረም። አንዴ ከተገነባ በኋላ አዲስ ነገር ልጨምርብህ ቢሉት አይቀበልም። በተነሣ ቁጥር ዕቃውን የሚያኖርበትን ቦታ ይቀያይራል፤ ሌባ ቢገባ ትናንት የነበረው ዛሬ እዚያ የለም። ፍላሽ ቢሰኩበት እንዳላየ ያልፋል። በውስጡ የሚያጠራጥር ስህተት ካገኘ ደግሞ አይከራከርም፤ ወዲያው ይሞትና እንደ አዲስ ይነሣል።

"ጎጃሜ ነው" ይላል ክንዱ። "ከሚጠረጠር ሞቱን ይመርጣል።"

ሰው ይስቃል እንጂ ነገሩ ሥር አለው። ያ ማሽን የሚያትመው በምርጥ ዘር ከረጢት ላይ የሚሰፋውን መለያ ነው። አንድ ዓመት፣ ማሽኑ ገና እንደ ማንኛውም ማሽን ክፍት በነበረ ጊዜ፣ አንድ ሰው በኔትወርክ ገብቶ የመለያውን ቅርጽ ከነቁጥሩ ቀድቶ ወሰደ። ተራ በቆሎ ምርጥ ዘር ተብሎ ገበያ ላይ ተሸጠ። የገዛው ገበሬ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ጠብቆ፣ መሬቱ ዓይኑ እያየ ጦም አደረ። ጋሽ ገደፋው በር መነቅነቅ የጀመሩት ከዚያ ክረምት ወዲህ ነው ይባላል።

በመጋቢት ከርነሉን ሊያድሱ ሲቀመጡ ፍሬን አጠገባቸው አስቀመጧት። ከርነል ሲዘጋጅ ይጠይቃል፦ ይህ ይግባ? አዎ ወይስ አይ? ያ ይግባ? አዎ ወይስ አይ? ጥያቄው ማለቂያ የለውም።

"መልሺ" አሏት።

"አዎ" አለች ፍሬ፣ እንደ ልማዷ።

"ኧረ ተይ! የማታውቂው ሲያንኳኳ መጀመሪያ 'ማነው' ይባላል!"

ቀጣዩ ጥያቄ መጣ። "አዎ" አለች።

"'ማነው' ይባላል እኮ!"

በሦስተኛው "ማነው?" አለች ለስክሪኑ። አነበበች። የማያስፈልግ ሆኖ አገኘችውና "አይ" አለች። ደስ አላት። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው እምቢታ ነበረና ያን ከሰዓት በከርነሉ ላይ ተወጣችው። አይ፣ አይ፣ አይ። ጋሽ ገደፋው ጥቂት አዳመጧትና ሻይ ሊጠጡ ወጡ። በማግስቱ የሂሳብ ሠራተኛው "ወንበርሽን" ሲላት "ለምን?" ብላ መለሰችለት፤ ሰውየው ሄዶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

ዘር የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ገበሬው ከሽንዲም ከቡሬ ዙሪያም አህያውንና ጋሪውን ይዞ ግቢውን ሞልቶታል። በግሽ ዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በዚያ ጠዋት በኔትወርክ ሽቦ የሚሠራው አሮጌ ማተሚያ ተሰበረ። ለመጠባበቂያ የተገዛው አዲሱ ወጣ፤ እሱ ደግሞ የሚሰካው በዩኤስቢ ነው። ሰኩት። ማሽኑ ዝም አለ። ነቅለው ሰኩት። ዝም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መልካሙ ገራም ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ግንባራቸው ላይ የደም ሥር ተገተረ።

"ጋሽ ገደፋው፣ ከሌባ ይጠብቁን ብለን ነበር፤ እርስዎ ከራሳችንም ጠበቁን እኮ! መለያ ሳይሰፋ ዘር ማውጣት አልችልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልታተመ ባለሙያ ጠርቼ ይህን ማሽን አስጠርገዋለሁ፤ እንደ ሰው ማሽን ክፍት ይሆናል። እርስዎም መጋዘን ይገባሉ። እዚያ የሚዘጋ በር አይጠፋም።"

ጋሽ ገደፋው ወንበራቸውን ሳቡ። የከርነሉን ምርጫዎች ከፍተው ወደ ታች ወረዱ፣ ወረዱና አንድ መስመር ላይ ቆሙ። ፍሬም ከትከሻቸው በላይ አየችው። የዩኤስቢ ማተሚያ፦ አይ።

ጆሮዋ ጋለ።

"ጋሼ… እኔ ነኝ 'አይ' ያልኩት።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎ ግን… ሁሉን ተመልሰው የሚነቀንቁት ሰው፣ ይህን እንዴት ሳያዩት አለፉ?"

ዘወር ብለው አዩዋት፤ ጥያቄው የገባቸው አይመስሉም።

"አንቺ የዘጋሽውን ምን ብዬ እነቀንቃለሁ?"

ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡ። "በይ ተቀመጪ። አንቺው መልሺ።"

ፍሬ ተቀመጠች። የዩኤስቢ ማተሚያ ይግባ? ጣቷ ወደ "አዎ" ሮጠና መንገድ ላይ ቆመ። ተነሥታ ማተሚያውን ገልብጣ የጀርባውን ቁጥር አነበበች። "ማነው?" አለች በለሆሳስ።

"ኧረ ፍሬ፣ በእግዜር! ማተሚያው ነዋ!" አለ ክንዱ በመስኮት።

"ተዋት" አሉ ጋሽ ገደፋው። "ትጠይቀው።"

ጠየቀችው። ተመልሳም "አዎ" አለች።

ከርነል ግን እንደ ሽሮ ወዲያው አይደርስም። እንደ አዲስ ሲገነባ ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ ሰዓትም አለፈ። ነፋስ ተነሣ። አቶ መልካሙ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ባለሙያ ሊጠሩ ሲሉ፣ እማማ እማዋይሽ የሚባሉ የሽንዲ ገበሬ በበሩ ብቅ አሉ።

"ምንድን ነው ያቆመን ልጄ?"

"ማሽኑ አዲሱን ማተሚያ አላውቅህም ብሎ ነው፣ እማማ። አሁን ክፍት አስደርገዋለሁ።"

"ክፍት?" አሉ እማዋይሽ። ነጠላቸውን አጠበቁ። "ያን ዓመት የሐሰት መለያ የተሰፋበት ከረጢት ከገበያ ገዝተው ሣር ካጨዱት አንዷ እኔ ነኝ። ልጆቼ የበሉት የሰው እህል ነው። አያ ገደፋው፣ ይዝጉት! በርትተው ይዝጉት! እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።"

"ዝናቡስ እማማ?" አሉ አቶ መልካሙ።

"ዝናብ ያውቀኛል" ብለው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ያሉትም ጋሪያቸው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አቶ መልካሙ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት፤ ኪሳቸው ግን አልከተቱትም።

ግንባታው አለቀና ማሽኑ ሞቶ ተነሣ። ማተሚያው አንዴ አጓራ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የመጀመሪያውን መለያ እንደ ምላስ አወጣው። ሰዓቱ ዘጠኝን አልፎ ነበር። አቶ መልካሙ የእጅ ሰዓታቸውን አዩና እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡበት።

እማዋይሽ መለያውን እያሻሹ አዩት፤ ስፌቱንም ጎትተው ፈተኑት። ከረጢታቸው ጋሪ ላይ ወጥቶ ላስቲክ ሲለብስ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ገደፋው የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ለፍሬ ሰጧት። ቆለፈችና አብረው ወጡ። ክንዱ የግቢው በር ላይ ሆኖ "አሁን ይመለሳሉ፣ አሁን ይመለሳሉ" እያለ ጠበቃቸው። ዘወትር ቀጥ የሚሉበት ቦታ ሲደርሱ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቁልፍ የለም። ስለ ዝናቡ የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉና አለፉ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱም "ደህና እደሪ ልጄ" ብለዋት ዘወር ሳይሉ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ፍሬ ባጃጅ አስቆመች። አንድ እግሯን አስገባች። ድንገት ቀጥ አለች።

"መጣሁ፣ አንዴ" አለችው ለባለ ባጃጁ።

በካፊያው እየሮጠች ተመለሰችና የማሽኑን ክፍል በር በሁለት እጇ ያዘችው። ነቀነቀችው። ተዘግቷል።

ከዘበኛ ቤቱ ውስጥ የክንዱ ድምፅ ተሰማ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ፍሬ፣ ጮክ ብላ።