ጋሽ ቁጥጥር በር ላይ ናቸው

ጡረታ ወጥቶ ሥራ ያልለቀቀ ሰው የማያውቅ ካለ ይንገረኝ። መሰናበቻ ከተደረገለት ዓመት አልፎታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሸሚዙን አስተኩሶ ከድሮ ቢሮው በር አይጠፋም። የዘገየውን ይገላምጣል፣ ያልጠየቁትን ያርማል፣ «በኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ይላል። በየሰፈሩ አንድ አለ። የኛ ቤቱ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ፤ አራት እግር አላቸው።

ስማቸው ጋሽ ቁጥጥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ መጋዘን ጠባቂ ውሻ ነበሩ። መጋዘኑ ሲዘጋ አብረዋቸው የኖሩት ዘበኛ ወደ ልጃቸው ጠባብ ክፍል ሊገቡ ሆነ። እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከመጋዘኑ ጎን ነውና፣ ጋሽ ቁጥጥርን ይዣቸው ቤቴ መጣሁ። ነርሷ ባለቤቴ የሸበተ አፍንጫቸውን አየችና ፍርዷን ሰጠች።

«አንድ ወር ብቻ። እስከዚያ ዘበኛው ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።»

«ምን አጠፋ?»

«አርጅቷል። እንለምደውና ይሞትብናል። ሥራ ቦታ የማየው ይበቃኛል።»

ጋሽ ቁጥጥር ይህን ቆመው ሰሙ። ከዚያ የግቢውን በር መርጠው ሥራ ጀመሩ።

ሥራቸውን ላስረዳ። የሚገባ ሰው አያሳስባቸውም፤ ጅራታቸውን ወዝወዝ አድርገው ያሳልፋሉ። ጭንቃቸው የሚወጣው ነው። ቦርሳ የያዘ ሰው ወደ በሩ ሲጠጋ ተነስተው መውጫውን በወርዳቸው ዘግተው ይቆማሉ። አይጮኹም፣ አይናከሱም። ቦርሳው ይከፈታል፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ኃላፊው «ይለፍ» ይላል። የመጋዘኑ ሥርዓት እንዲህ ነበር። በኛ ቤት ይህን ቃል የሚቀበሉት ከባለቤቴ ብቻ ነው፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ በሁለት ቀን ገብቷቸዋል። እሷ ቀድማ ከወጣች እኔ ሥራ የምሄደው ባዶ እጄን ነው።

ጎረቤቴ «ሌባ ቢገባስ ታዲያ?» ብሎ ሊያሾፍብኝ ሞከረ። ይግባ፤ ሌባ መግባቱ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለ ጠባቂ በሰፈሩ ያለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቅናቱ ይገባኛል።

ልጄ ለወላጅ ፊርማ የተሰጣትን የሒሳብ ፈተና ወረቀት አሥር ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እንደዞረች ያወቅነው በፍተሻ ነው። አማቴ አንድ እሁድ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ተያዙ፤ ትልቁ ድስታችን ከነክዳኑ ተገኘ። «ልመልሰው ነበር እኮ» አሉ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ያልደፈርኩትን ጋሽ ቁጥጥር በአንድ ማሽተት ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ አወራዋለሁ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ሥራ ረፈደብኝ» እያለች ትነጫነጭ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን በሩ ጋ ሳትደርስ ቦርሳዋን ከፍታ ስትቀመጥላቸው አየኋት። «ፈትሸኝ እንግዲህ» ትላለች፤ እሳቸው ሲያሸቱ ጆሯቸውን ታክካለች። እንዳየኋት ስታውቅ ቁንጫ እየፈለገች እንደሆነ ነገረችኝ።

ወሩ ሲሞላ ዘበኛው መጡ። አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ቦታ አግኝተውላቸዋል። ልጄ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። እኔ ሳህናቸውንና ብርድ ልብሳቸውን በዘበኛው ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

ጋሽ ቁጥጥር ማሰሪያቸው ገብቶላቸው እስከ በሩ በሰላም ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው መውጫውን ዘጉ። ዘበኛው ከረጢቱን ከፈቱላቸው። የገዛ ሳህናቸውን፣ የገዛ ብርድ ልብሳቸውን አሸተቱ። ንቅንቅ አላሉም።

«የኔን ቃል አይቀበልም» አሉ ዘበኛው። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይበሉለት።»

ባለቤቴ መጥታ አጠገባቸው ጎንበስ አለች። እሳቸውም ቃሏን እየጠበቁ አሻቅበው አዩዋት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰዳ ብርድ ልብሱን ዳሰሰች።

«ይሄ ገና አልደረቀም» አለች። «እርጥብ ነገር ይዞ የትም አይሄድም።»

«ነገ ልመለስ?»

«በዚህ አየር ቶሎ የሚደርቅ አይመስለኝም። ሊጠይቁት ግን ይምጡ፣ ቤትዎ ነው።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዘበኛው ነገሩ ገብቷቸው ሳህኑንም አውጥተው አስቀመጡና ባዶ ከረጢታቸውን አሳይተው ወጡ።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ወስዳ የልብስ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ጠዋት ከዚያው ገመድ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ድርቅ ብሎ ነበር። አንድ ቀን እንደምናለቅስላቸው ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ እያወቀች አስቀረቻቸው። በጋሽ ቁጥጥር መኩራቴ የቆየ ነው። ያን ቀን ግን በሚስቴ ኮራሁ፤ የልብስ መቆንጠጫ አቀበልኳት።