ነርሷ ጃንጥላ ትያዝ ወይስ ትበስብስ?

[የደራሲው ሳሎን፣ ረፋድ ላይ። ደራሲው ሶፋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ እርጥብ መሐረብ ደረቱ ላይ ጣል አድርጓል። አራት የፍቅር ልብወለዶች አሳትሟል፤ አምስተኛው ግን መጨረሻው ላይ ተገትሮበታል። አሳታሚው ዛሬ ከምሳ በፊት መጥቶ የመጨረሻውን ምዕራፍ ካልተቀበለ መጽሐፉን እርግፍ አድርጎ እንደሚተወው ነግሮታል። ታይፒስቷ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ደራሲው ስለ እሷ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ጣት እንጂ ጭንቅላት አልተሰጣትም።]

ታይፒስቷ፦ ጃንጥላ ብትይዝ ምን አለበት?

ደራሲው፦ አትይዝም አልኩ!

ታይፒስቷ፦ ትንሽዬ። ቦርሳ ውስጥ የምትገባዋን።

ደራሲው፦ ሴትየዋ በፍቅር እየነደደች ነው! የምትነድ ሴት ጃንጥላ ትይዛለች?

ታይፒስቷ፦ ከነደደችማ ዝናቡ ያጠፋታል።

ደራሲው፦ ወይ ፈጣሪዬ! ዝም ብለሽ ጻፊ። "ነርሷ ከጠዋት እስከ ማታ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ በዚያ ዶፍ፣ ቆማ ጠበቀችው።"

ታይፒስቷ፦ ከጠዋት እስከ ማታ?

ደራሲው፦ እስከ ማታ!

ታይፒስቷ፦ ሽንት ቤት አትሄድም?

ደራሲው፦ በኔ ልብወለድ ውስጥ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም!

ታይፒስቷ፦ እሺ። በሽተኞቹንስ ማን እያየላት ነው? ምዕራፍ ሁለት ላይ ተረኛ ናት ብለዋል።

ደራሲው፦ በሽተኞቹ ይሙቱ!

ታይፒስቷ፦ [እየጻፈች] "በሽተኞቹም... ሞቱ።"

ደራሲው፦ አጥፊው! አጥፊው አንቺ ሴት! [መሐረቡን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል] በአንቺ አልፈርድም። ጥፋቱ የድምፃዊው ነው።

ታይፒስቷ፦ የትኛው ድምፃዊ?

ደራሲው፦ ስንት አለ? አራቱንም መጽሐፎቼን የጻፍኩት በሱ ዘፈን አይደል? እሱ ያንጎራጉራል፣ እኔ እዚህ ተጋድሜ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ቃሉ እንደ ጅረት ይወርዳል። ይኸው አምስት ወር ሙሉ አዲስ ዘፈን የለም። ምን ነካው? ዲዳ ሆነ?

ታይፒስቷ፦ የድሮዎቹን ልክፈትልዎ?

ደራሲው፦ እነሱ የተመጠጠ ሎሚ ናቸው። በአንድ ዘፈን አንድ መጽሐፍ ነው፣ አለቀ። በተለይ የመጨረሻው ምዕራፍ ያለ አዲስ ዘፈን ወይ ፍንክች! አይተሽኝ የለ? መጨረሻው ላይ ስደርስ ከራሴ እወጣለሁ። ምን እንደተናገርኩ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ታይፒስቷ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። በጣም ይወጣሉ። ያፏጫሉ ሁሉ።

ደራሲው፦ [ደስ ብሎት] አፏጫለሁ?

ታይፒስቷ፦ በአፍንጫዎ።

ደራሲው፦ ነፍስ ስትነካ እንዲህ ናት። አንቺ አይገባሽም።

ታይፒስቷ፦ እኔም እኮ አዲስ ዘፈን ያወጣል ብዬ ስጠብቅ አምስት ወር ሆነኝ።

ደራሲው፦ አንቺ? አንቺን ደግሞ ዘፈን ምን ያደርግልሻል?

ታይፒስቷ፦ ሥራ ይቀለኛል።

ደራሲው፦ ኧረ ተይኝ! ይልቅ ወደ ነርሷ እንመለስ። በሳንባ ምች ልትሞት ነው። ባለፈው የባንክ ሠራተኛዋን፣ ከዚያ በፊት አስተማሪዋን በብርድ ገድያለሁ። አንባቢ የወደደኝ ሳልራራ ስለምገድል ነው።

ታይፒስቷ፦ [ታስላለች] አዎ... ይሆናል። ጋሼ፣ አዲሱ ዘፈን ግን አሁን በራዲዮ ይለቀቃል ተብሏል።

ደራሲው፦ [ብድግ ይላል] ምን?! እስካሁን ምን ዘጋሽ?

ታይፒስቷ፦ በጃንጥላው እየተጨቃጨቅን ነበራ።

[ራዲዮውን እየተሯሯጠች ትከፍታለች። ድምፃዊው ጀምሯል።]

ራዲዮው፦ ጃንጥላሽን እጠፊው፣ ቤት ደርሰናል፤
ዝናቡ ውጭ ይቅር፣ እኛ ገብተናል...

ደራሲው፦ [እንባው ዱብ ዱብ እያለ] ጃንጥላ! ጃንጥላ አለ! ከየት አመጣው? እንዴት መጣለት? ጻፊ! "ነርሷ ጃንጥላዋን ዘረጋች!"

ታይፒስቷ፦ አትይዝም ብለው...

ደራሲው፦ ዝም በይ! ያንቺ ጃንጥላ የዝናብ ጃንጥላ ነው። የሱ ጃንጥላ ጥበብ ነው!

ታይፒስቷ፦ እሺ። ቀለሙ ምን ይሁን?

ደራሲው፦ እሽሽ! ሊናገር ነው።

ራዲዮው፦ ...የዘገየሁት አንድ የምወደው ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ነው። ዘፈኖቼን የማገኘው ከሱ ልብወለዶች መጨረሻ ነው። አልወጣ ሲለኝ ያለፈውን መጽሐፍ ደግሜ አነበብኩት። የባንክ ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን የምታጥፍባት ቦታ ሁሌ ታስለቅሰኛለች። ዘፈኑ የመጣው ከዚያ ነው።

[ታይፒስቷ ኪቦርዱን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች።]

ደራሲው፦ የባንክ ሠራተኛዋ?

ታይፒስቷ፦ እ...

ደራሲው፦ የኔዋ? እሷ እኮ ሞታለች! በገዛ እጄ ነው የገደልኳት!

ታይፒስቷ፦ ተሽሏታል።

[ደራሲው መደርደሪያው ላይ ካሉት መጽሐፎቹ አንዱን መዥረጥ አድርጎ ያወጣል። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም፤ የራሱን መጽሐፍ አንብቦ አያውቅም። በጥርሱ ይቦጭቀዋል፤ የመጨረሻውን ገጽ ያነባል።]

ደራሲው፦ ይሄ... ይሄ ቆንጆ ነው። ማነው የጻፈው?

ታይፒስቷ፦ እርስዎ ከራስዎ ወጥተው ነበር።

ደራሲው፦ ወጥቼ የት ሄድኩ?

ታይፒስቷ፦ የትም አልሄዱም። ዘፈኑ ሦስተኛ ዙር ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይዞዎት ጭልጥ ይላል። ከዚያ ይነቁና "ጨረስን?" ይላሉ። አሳታሚው በር ላይ ቆሟል። ምን ላድርግ? "ጨረስን ጋሼ" እላለሁ።

ደራሲው፦ አራቱንም?

ታይፒስቷ፦ አራቱንም። አንዷም አልሞተችም። ሁለቱ እንዲያውም ወልደዋል።

ደራሲው፦ [ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል] እና እኔ በዚያ ሰው ዘፈን ሳለቅስ የኖርኩት... ያንቺን ነው?

ታይፒስቷ፦ ዜማው የሱ ነው።

ደራሲው፦ ታዲያ አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ስቃጠል ምነው ይሄንን አልጨረስሽውም?

ታይፒስቷ፦ አዲስ ዘፈን የለ፣ እርስዎ አይተኙ! እርስዎ ካልተኙ እኔ መቼ ልጽፍ?

[ደራሲው መጽሐፉን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከፍቶታል፤ መከፋቱንም መደበቅ አልቻለም።]

ደራሲው፦ እና እኔ ለምኔ ነኝ?

ታይፒስቷ፦ እንዲህ አይበሉ። ያለ እርስዎ መጀመሪያ ማን ይጀምራል? እኔ መጀመር አልችልም። እርስዎ ዝናብ ውስጥ ያቆሟቸዋል፣ እኔ አሳዝነውኝ አስገባቸዋለሁ።

[የደራሲው ስልክ ይጮሃል። አሳታሚው ነው።]

ደራሲው፦ [ስልኩን እያየ] መንገድ ጀምሬያለሁ ሊለኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። [ሳያነሳው ትራስ ሥር ይወሽቀዋል፤ ተመልሶ ይንጋለላል፤ መሐረቡን ዓይኑ ላይ ያደርጋል] ዘፈኑን ከስልክሽ ላይ ክፈቺው። ደጋግሚው።

ታይፒስቷ፦ ለምን ጋሼ?

ደራሲው፦ ልተኛ!

[ዘፈኑ ይከፈታል። ታይፒስቷ እጅጌዋን ትሰበስባለች፤ ጣቶቿ መሮጥ ይጀምራሉ፤ ድንገት ይቆማሉ።]

ታይፒስቷ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ሽፋኑ ላይ የኔም ስም ይገባል አይደል?

ደራሲው፦ [ያንኮራፋል።]

ታይፒስቷ፦ ጋሼ።

ደራሲው፦ [ብሶበት ያንኮራፋል።]

ታይፒስቷ፦ ውሸትዎን ነው። የምርዎን ሲተኙ አያንኮራፉም፤ ያፏጫሉ።

[ማንኮራፋቱ ቀጥ ይላል።]

ደራሲው፦ [ከመሐረቡ ሥር] ...ይግባ። ጃንጥላዋ ግን ቀይ ትሁን።

ታይፒስቷ፦ ሰማያዊ ናት። ጽፌዋለሁ።

[ዘፈኑ ሦስተኛ ዙሩን ይጀምራል። ከሶፋው ላይ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።]